የደፈንኩት የላሜራ በር

ቤቱን የተረከብነው በበጋ ነው። ቁልፍ ያስረከቡን ሰውዬ ወረቀት አስፈርመውን ሲወጡ ባለቤቴ በሩን ከውስጥ ዘጋና እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። እኔ ግን ዓይኔ ግድግዳው ላይ ነበር። የሲሚንቶ ምሰሶውና ብሎኬቱ በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ከጣሪያ እስከ ወለል ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወርዳለች። በጥፍሬ ስነካት ልስኑ እንደ ዱቄት እጄ ላይ ረገፈ።

ያኔ በሰፈራችን በሰሚት ሁሉም ሰው የሚገነባበት ጊዜ ነበር። ኮንዶሚኒየም እጣ የደረሰው ሰው የሚረከበው ቤት ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ የውስጥ በር የለውም፣ ቀለሙም ለስሙ ያህል ነው። የቀረውን እያንዳንዱ እንደ አቅሙና እንደ ጊዜው ይጨርሳል። ስለዚህ ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ መዶሻው አያቋርጥም፤ አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይጀምራል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ አዳዲስ ብሎኮች ይቆማሉ፤ ገልባጭ መኪናው ቀኑን ሙሉ አሸዋ ያራግፋል፤ አቧራው በመስኮት ገብቶ ሳህን ላይ ይቀመጣል።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። የማላውቀውን ነገር የምመረምረው በዓይኔና በእጄ ነው። ቤቱን በተረከብን በነጋታው ልጄን ይዤ ሄድኩና ግድግዳውን በጣቴ እያንኳኳሁ ዞርኩ። ባዶ ድምፅ በሰማሁበት ቦታ በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ። ባለቤቴ ማታ መጥቶ ምልክቱን ሲያይ፣ "ግድግዳውን እንደ ሐብሐብ ስታንኳኪ ዋልሽ?" ብሎ ሳቀብኝ። እሱ ከላምበረት ወደ ደሴ የሚመላለስ አውቶብስ ሾፌር ነው፤ ከሳምንቱ ቀን ግማሹን እንኳ ቤት አያድርም። ለእሱ ቤት ማለት የሚተኛበት ነው። ለእኔ ግን ልጄን ይዤ የምውልበት ነው። ቦሌ ለሚ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ነበር፤ ልጄ ስትወለድ ተውኩና እቤቴ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ጀመርኩ። ስለዚህ ከዚያ ቤት የምወጣው ገበያ ወይም ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ብቻ ነበር።

ምልክት ያደረግኩበት ብዙ ነበር። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ወደ መውረጃው ሳይሆን ወደ በሩ ያዘነብላል፤ ውሃ ሲፈስበት ወደ ኮሪደሩ ይመጣል። የመኝታ ቤቱ የበር ክፍተት ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ ነው፤ የትኛውም በር አይገጥምለትም። ያስመጣሁት ግንበኛ ልስኑን ሲያየው አሸዋው እንዳልታጠበ፣ ሲሚንቶውም እንዳነሰ ነገረኝና ግማሹን ልስን አራግፎ እንደገና ለሰነው። የበረንዳው መደገፊያ አጭር ስለነበር ከላይ እስከ ታች ብረት አስበየድኩበት። መስኮቶቹንም እንዲሁ። ብረቱ የተበየደ ቀን አንዲት የምድር ቤት ጎረቤታችን ደረጃው ላይ ቆማ አንበሳ ልታረባ ነው እንዴ ስትል ሰማኋት። ልጄ አራት ዓመቷ ነበር፤ ወንበር ጎትታ መውጣት ትወድ ነበር።

የሁሉም ነገር መነሻ የሆነው ግን መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ያለው የላሜራ በር ነው። ከላይ እስከ ታች ያሉት ቧንቧዎች የሚያልፉበት ጠባብ ክፍተት አለ፤ ሠራተኞቹ ሻፍት ይሉታል። በየፎቁ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቧንቧ ቢበላሽ የሚከፈት አንድ ቀጭን የላሜራ በር ተደርጎለታል። የእኛው ከጉልበት ከፍ ብሎ ይጀምርና ጣሪያው አጠገብ ይደርሳል። መቀርቀሪያው ላላ ያለ ነበር። ከፍቼ ወደ ውስጥ ሳይ ቧንቧዎቹ እየተጠላለፉ ይወርዳሉ፣ ከታች ጨለማ ነው። በረሮ ይመላለስበታል፣ የሁሉም ቤት ሽታ ይወጣበታል። እኔ ግን ያየሁት በረሮውን አይደለም። ልጄ ያን በር ከፍታ፣ አንገቷን አስገብታ፣ ቁልቁል ስትሄድ ነው ያየሁት። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ግንበኛውን እንዲደፍንልኝ ጠየቅኩት። መጀመሪያ እምቢ አለ። ቧንቧ የሚጠገነው በዚህ ነው፣ የነዋሪው ኮሚቴም እንዳይደፈን ብሎ ማስታወቂያ ለጥፏል አለኝ። ማስታወቂያውን ደረጃው ላይ አንብቤዋለሁ። እኔ ቁልፍ ላድርግበት ብዬ አስቤ ነበር፤ ቁልፍም ይረሳል ብዬ ተውኩት። ልጅ እንዳለኝ ደጋግሜ ነገርኩት። በመጨረሻ እሺ አለና በግማሽ ቀን በብሎኬት ዘጋው፤ በማግስቱ ከቀረው ግድግዳ ጋር አንድ ላይ ነጭ ሴራሚክ አለበሰው። የት እንደነበረ እንኳ አይታወቅም። በሩን ለቆራሌ ሰጠሁት። የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ የእኔ ሆኖ ተሰማኝ።

ከእኛ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የሚኖሩት አዴ ነበሩ። አዴ በኦሮምኛ ትልቅ ሴት የሚጠራበት ነው፤ የግቢው ልጆች እንደዚያ ይሏቸዋል፣ እኛም እንደ ልጆቹ እንላቸዋለን። ብሎኩ ከቆመበት ቦታ ብዙም ሳይርቅ የእርሻ መሬት ነበራቸው። መሬቱ ለግንባታ ሲወሰድ ባላቸው ሞተው ነበር፤ እሳቸው ብቻቸውን ወደ ፎቁ ወጡ። በረንዳቸው ላይ ጄሪካን ለሁለት ለሁለት እየቆረጡ፣ አፈር እየሞሉ፣ ጎመንና ቃሪያ ጤና አዳምም ይተክሉ ነበር። ውሃ በሚያጠጡበት ጊዜ ጠብታው የእኛ በረንዳ ብረት ላይ ይወርዳል። አንዳንድ ሰው ይቆጣ ነበር። ሲያልፉ ሰላም ይሉኛል፣ ለልጄም ቃሪያ ይሰጧታል፤ እኔ ግን ቃሪያውን አጥቤ አጥቤ ነበር የማበስለው።

አንድ ዓመት ከምናምን ደህና ኖርን። ከመስቀል በኋላ ነው እድፉ የታየኝ። መኝታ ቤቱ ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር በሚዋሰንበት ግድግዳ ላይ፣ ጣሪያው ሥር፣ ሳህን የምታህል ቡናማ ክብ ወጣች። ከሥሯ የልጄ አልጋ ነበር። አልጋውን ሳብኩት። በሳምንቱ ክቧ ትሪ አከለች፤ ቀለሙ አረፋ አወጣ፤ ስነካው ውስጡ ውሃ ነበር።

በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ያኔ ማክሰኞና አርብ ነበር። በነዚያ ቀናት ሰው ሁሉ በርሜሉን ይሞላል፣ ልብሱን ያጥባል፣ ቤቱን ይወለውላል። እኔም ግድግዳውን በየቀኑ በእጄ ስለምዳስሰው ያወቅኩት ነገር ነበር፤ ማክሰኞና አርብ ይረጥባል፣ እሑድ ሻል ይላል። ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ከላይ የአዴ በርሜል ሲሞላ፣ ባልዲ ሲጎተት፣ ውሃ ሲደፋ ይሰማኛል። ሁለቱን አገናኘሁ። ማንም ሰው ያገናኘዋል ብዬ ራሴን ሳሳምን ቆይቻለሁ።

ልጄ በኅዳር ማሳል ጀመረች። መጀመሪያ ብርድ ነው አልን። ከዚያ ደረጃ ስትወጣ ቆም እያለች መተንፈስ ጀመረች፤ ደረቷ ውስጥ ፉጨት ይሰማል። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ አስም ነው አሉኝና በአፍ የሚነፋ መድኃኒት ሰጡን። ግድግዳው ላይ በዚያን ጊዜ ጥቁር ሻጋታ መውጣት ጀምሮ ነበር። በበረኪና አጥባለሁ፣ በሳምንቱ ይመለሳል። ባለቤቴ አንድ ቅዳሜ ከሥራ ቀርቶ በጂብሰም ጠግኖ የዘይት ቀለም ቀባው። ሁለት ሳምንት አማረ። ከዚያ ቀለሙ እንደ ቆዳ ተንጠለጠለ፤ ከሥሩ ያለው ልስን ጥቁር ነበር።

ፍራሹን ወደ ሳሎን አወጣን። ቤቱ ባለ አንድ መኝታ ነው፤ ሌላ ክፍል የለም። እርጥበቱ ግን ከአንድ ግድግዳ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው የሳሎን ግድግዳም ላብ ማውጣት ጀመረ። የምሰፋው ዩኒፎርም ሁሉ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። መስኮት ልክፈት ስል ከማዶ የሲሚንቶው አቧራ ይገባና ልጄ ይብሳታል። ልዝጋው ስል ሽታው ያፍነናል። ቀኑን ሙሉ መስኮቱን ስከፍትና ስዘጋ እውል ነበር። ሌላ ቦታ እንዳንከራይ የቤቱን የባንክ ዕዳ በየወሩ እየከፈልን የሌላ ሰው ኪራይ መጨመር አይታሰብም። እንዳንሸጠው ደግሞ ኮንዶሚኒየም እስከ አምስት ዓመት አይሸጥም። ባለቤቴ በቀን መቁጠሪያ ላይ ዓመቶቹን እየቆጠረ ሲያሳየኝ ቀን መቁጠሪያውን ከእጁ ተቀበልኩት። ልጄ ይህን አምስት ዓመት እንዴት እንደምትተነፍሰው ነበር እኔን የጨነቀኝ።

ደረጃው ላይ ሰው ሲጠይቀኝ ውሃው ከላይ እንደሆነ ነገርኩ። ወሬው ለመሮጥ ጊዜ አልፈጀበትም። አንበሳ ልታረባ ነው ያለችው የምድር ቤት ጎረቤት፣ "ሴትዮዋ እኮ እርሻዋን የፎቅ ሶሌታ ላይ ይዛ ነው የወጣችው" አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ፎቅ መኖር የማያውቅ ሰው ከታች ያለውን ያሰቃያል አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

በጥር የኮሚቴው ሰብሳቢ ሊያዩልን መጡ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሁሉን ነገር በደብተር ይጽፋሉ። መኝታ ቤቱን አዩ፣ ጣሪያውን በባትሪ አዩ። ከዚያ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገብተው ነጩን ሴራሚክ ከላይ እስከ ታች ተመለከቱና፣ "የሻፍታችሁ በር የት ነው?" አሉኝ።

ማስታወቂያው ትዝ አለኝ። በሰው ሁሉ ፊት ስቆም፣ ሴራሚኬ ሲፈርስ፣ ያ ጉድጓድ እንደገና ሲከፈት ታየኝ። በእኛ በኩል በር እንደሌለው፣ በጎን ጎረቤት በኩል እንደሚከፈት ነገርኳቸው። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "እማዬ፣ እኛም እኮ ነበረን…" ስትል ውሃ እንድታመጣልኝ ወደ ማድቤት ላክኋት። መምህሩ ጻፉ። ወደ ላይም ወጡ።

አዴ ውሃቸው እንደማይፈስ ተናገሩ፤ ሰሚ ግን አላገኙም። በረንዳቸው ላይ ያለው አፈር ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ መታጠቢያ ቤታቸውም አሮጌ በርሜል አለው፤ ለኮሚቴው ይህ በቂ ነበር። ጄሪካኖቹ እንዲወርዱ፣ የመታጠቢያ ቤቱም ወለል ተቆፍሮ እንዲታይ ተወሰነ። አዴ ጄሪካኖቹን ራሳቸው አወረዱ። ሁለት ቀን ፈጀባቸው። አንዱን በሁለት እጃቸው ታቅፈው አንድ አንድ ደረጃ ይወርዳሉ፣ ፎቃችን ላይ ሲደርሱ ያስቀምጡና ወገባቸውን ይይዛሉ፣ እንደገና ያነሳሉ። በበራችን የማያ ቀዳዳ አያቸው ነበር። ከፍቼ ላግዝ ብዬ ሁለት ጊዜ መቀርቀሪያውን ያዝኩ። አልከፈትኩም።

ወለላቸው ተቆፈረ። ሦስት ሳምንት መታጠቢያ ቤት አልነበራቸውም፤ ለሽንት ቤት ምድር ቤት ድረስ ይወርዱ ነበር። ሠራተኛው ቆፍሮ ቆፍሮ ደረቅ ሲሚንቶ ብቻ አገኘ። ለማንኛውም ተብሎ ውሃ የማያሳልፍ ነገር ተቀብቶበት እንደገና ተደፈነ። ሴራሚኩን የሚተካላቸው አልተገኘም።

ሥራው ባለቀ በመጀመሪያው ማክሰኞ ውሃ መጣ። ከላይ ምንም ድምፅ አልነበረም፤ አዴ ከቤት አልነበሩም። መኝታ ቤት ገብቼ ግድግዳውን ዳሰስኩ። እየረጠበ ነበር።

ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሄድኩ። በሩ በነበረበት ቦታ ላይ መዳፌን አሳረፍኩ። ሴራሚኩ ቀዝቃዛ ነበር፤ ከጀርባው ደግሞ አንድ ነገር ሲነዝር፣ ቀጭን ነገር ሳያቋርጥ ግድግዳ ሲመታ በመዳፌ ተሰማኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። እጄን አነሳሁ፣ በፎጣ አደረቅኩት፣ ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ።

ከዚያ አንድ ወር ዝም አልኩ። ይህን መጻፍ ቀላል አይደለም። ብናገር መዋሸቴ ይታወቃል፤ የአዴ ወለል በእኔ ምክንያት መፈረሱ ይታወቃል። ያን ብሎክ ደግሞ ትቼው የምሄደው አይደለም፤ በየቀኑ የምወጣበት ደረጃ አንድ ነው፣ አዴም የሚወርዱት በዚያው ነው። እየነጋ ሲመሽ ነገ እናገራለሁ እል ነበር። ማክሰኞና አርብ መታጠቢያ ቤት መግባት ተውኩ። ልጄንም ጠዋት ጠዋት በባልዲ ማድቤት ውስጥ አጥባት ጀመር። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ይሞቃል አልኳት።

በመጋቢት አንድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ልወስዳት ስንወርድ አንደኛ ፎቅ ላይ ተቀመጠች። ከንፈሯ ገርጥቶ ነበር። መድኃኒቱን ነፋሁላት፣ አልያዘላትም። ተሸክሜያት ወጣሁ፤ ባጃጅ ያዝኩና ጤና ጣቢያ ደረስን። ኦክስጅን አድርገውላት ከሰዓት በኋላ ሻላት። ሐኪሟ ወጣት ነበረች። ቤታችሁ እርጥበት አለው ወይ አለችኝ። አለው አልኳት። ከየት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ ስትለኝ የልጄን ሹራብ መቆለፍ ጀመርኩ። "እህቴ፣ ከዚያ እርጥበት ካላወጣሻት እኔ የምሰጣት ነገር አያኖራትም" አለችኝ።

አያኖራትም የሚለውን ቃል ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ። ልጄን አስተኛሁና እዚያው ሰሚት የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥባቸው ሱቆች ፊት ለፊት ሥራ ከሚጠብቁት መካከል አንድ ሸበቶ ቧንቧ ሠራተኛ ይዤ መጣሁ። ቀኑ አርብ ነበር። ሰውዬው ምንም ሳይጠይቅ ጆሮውን ሴራሚኩ ላይ ለጠፈ። ዞር ብሎ በሩ የት እንደነበረ ጠየቀኝ። ጆሮው ያረፈበት ቦታ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ።

በመሮና በመዶሻ ከፈተው። መጀመሪያ ሴራሚኩ፣ ከዚያ ብሎኬቱ። ሁለተኛው ብሎኬት ሲወጣ ውሃው ፊቱ ላይ ተረጨ። የዋናውን ውሃ እንዲዘጉ ለግቢው ዘበኛ ጮህኩ። ሲቆም ሰውዬው ባትሪ አብርቶ አሳየኝ። ግንበኛው በሩን ሲዘጋ አንድ የብሎኬት ስባሪ ከጀርባ ወሽቆ ነበር፤ ስባሪው ውሃ ወደ ላይ የሚያወጣውን ቧንቧ ገፍቶት መጋጠሚያው ከጣሪያው ሥር ቀስ በቀስ ተላቋል። ውሃ በመጣ ቁጥር በዚያች ክፍተት ወጥቶ የመኝታ ቤቱን ግድግዳ ሲመታ ኖሯል።

"በሩ ቢኖር ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ውሃው እግርሽ ላይ ይፈስልሽ ነበር" አለኝ። "ማን ነው የደፈነው?"

"እኔ ነኝ ያስደፈንኩት።"

ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም። መጋጠሚያውን ቀየረ። ጉድጓዱን ግን እንዳልዘጋው፣ ግድግዳው ቢያንስ ሁለት ወር አየር ማግኘት እንዳለበት፣ ልስኑም በሙሉ መራገፍ እንዳለበት፣ እስከዚያ ልጅ እንዳይተኛበት ነግሮኝ ሄደ።

ወደ ላይ ወጣሁ። ከዚያ በፊት የአዴን በር አንኳኩቼ አላውቅም። ምስር እየለቀሙ ነበር፤ ትሪውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ከፈት ያለውን በር በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝ። ተቀመጪ አላሉኝም።

"አዴ፣ ውሃው ከእርስዎ አልነበረም" አልኳቸው።

"እሱንማ አውቃለሁ።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። በሩን እንደደፈንኩት፣ ኮሚቴው ሲጠይቀኝ እንደዋሸሁ። ምስሩን መልቀም አላቆሙም ነበር። መጨረሻ ላይ ግን እጃቸው ቆመ።

"ወለሌ ሲፈርስ ታውቂ ነበር?"

"ያኔ አላውቅም ነበር። ከፈረሰ በኋላ አወቅኩ።"

"ካወቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?"

"አንድ ወር።"

በኦሮምኛ ለራሳቸው አንድ ነገር አሉ። አልገባኝም፣ ምን ማለት እንደሆነም አልጠየቅኩም። "አፈሬን ሳወርድ ከበሩ ጀርባ ቆመሽ ነበር" አሉኝ። "ሰው ሲቆምበት የበርሽ ቀዳዳ ይጨልማል፤ አይቼዋለሁ።" ነበርኩ አልኳቸው። ትሪውን አንስተው ወደ ውስጥ ገቡ፤ እኔም ወጣሁ።

ለመምህሩም በዚያው ቀን ነገርኳቸው። ደብተራቸውን አውጥተው የድሮውን ገጽ ፈልገው አገኙና በመስመር ሰረዙት፤ ከጎኑ አዲስ ጻፉ። የአዴን ሴራሚክ እኛ እንድንተካ ተወሰነ፤ ባለቤቴ ያለ ክርክር ተቀበለ፤ እኔን ግን ለሁለት ቀን አላናገረኝም። የምድር ቤቷ ጎረቤት ደረጃው ላይ ስታገኘኝ፣ "ለካ እርሻው ከታች ኖሯል" አለችኝ። እንደ በፊቱ ሁሉም ሳቀ።

ልጄን የምናስተኛበት ቦታ ጠፋ። ልስኑ ሲራገፍ ቤቱ በሙሉ እርጥብ አቧራ ሆነ። ባለቤቴ ደብረ ብርሃን እናቱ ጋ ትሂድ አለ፤ ደረቅ ቤት ነው። ትምህርቷ ሊቋረጥ ነው፣ ቢያማት ሐኪሟ እዚህ ናት፣ ብርዱም አለ። ግን ሌላ ምርጫ አልነበረንም። እሑድ በራሱ አውቶብስ ሊወስዳት ቅዳሜ ሻንጣዋን አዘጋጀሁ። ከራሴ ለይቼ አንድ ሌሊት አሳድሬያት አላውቅም። ሹራብ አስገባለሁ፣ አወጣለሁ፣ መድኃኒቱን የትኛው ኪስ ውስጥ እንዳደረግኩት እረሳለሁ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። አዴ ናቸው። ሻንጣውን አሻግረው አዩት።

"ልጅቷን ልትልኳት ነው አሉ።"

"ግድግዳው እስኪደርቅ ነው፣ አዴ።"

"ትምህርቷስ?"

አዴ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ልጄ ከጀርባዬ ወጥታ እጃቸውን ሳመች። ፀጉሯን ዳሰስ አደረጓት፤ እኔን ግን አላዩኝም።

"እኔ ጋ ደረቅ ነው" አሉ። "ቆፍረው አይተውታል። ልጅቷ ትምጣ። ቀን እዚህ ትዋል፣ ማታ እኔ ጋ ትደር። አንቺ ግን አትምጪ።"

እሺ አልኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጄ እራቷን ከበላች በኋላ ትራሷን ታቅፋ ወደ ላይ ትወጣለች። በራችንን ከፍቼ ሦስተኛ ፎቅ ደርሳ እስክታንኳኳ እርምጃዋን እቆጥራለሁ፣ ከዚያ እዘጋለሁ። የመጀመሪያውን ምሽት ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም። ባለቤቴ ደሴ ነበር። መስኮቱን ልክፈት አልኩ፣ ብረቱን ያዝኩ፣ ተውኩት። ከላይ የእግሯ ኮቴ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሄድ ይሰማኛል፤ ከዚያ ቀረ። ቀዝቃዛ ውሃ ጠጥታ ይሆን፣ መድኃኒቷን ነፍተውላት ይሆን፣ ፉጨቱ ተመልሶ ይሆን ብዬ ራሴን ሳስጨንቅ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። በተከፈተው ሻፍት ሥር ወንበር አድርጌ ቆምኩና አንገቴን አስገብቼ ማዳመጥ ጀመርኩ። የሁሉም ቤት ድምፅ ይመጣል፤ ሰው ሳህን ያጥባል፣ ቴሌቪዥን ይጮሃል፣ ሕፃን ያለቅሳል። የእሷን ትንፋሽ ከዚያ ሁሉ መለየት አልቻልኩም።

ከላይ መብራት ወደ ሻፍቱ ገባ። አዴ በእሳቸው በኩል ያለውን የሻፍት በር ከፍተው ነበር። የት እንደቆምኩ እንዴት እንዳወቁ አላውቅም።

"አላሳለችም" አሉ ወደ ታች። "ተኝታለች። ውረጂ ከዚያ።"

ወረድኩ። በማግስቱም ምሽት ሁለት ሰዓት አካባቢ መብራቱ ገባና "ተኝታለች" አሉ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ወራት አንድም ቀን አላስተጓጎሉም። ተኝታለች ይላሉ፣ ይዘጋሉ። እኔ ከታች መልስ ሰጥቼ አላውቅም። አትምጪ ያሉኝ ድምፄንም ይጨምር እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።